ጃፓንኛዬን ይዤ ወደ ዶርዜ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ገረሴ

ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሳም። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የድንች ጆንያ ያስራል። ባለቤቴ ጴጥሮስ እስከ መናኸሪያው ሸኝቶኛል። ቀጭን ካፊያ አለ። ጃንጥላውን ለእኔ ብሎ ዘረጋው እንጂ የሚከልለው የራሱን ጭንቅላት ነው።

"ቁርጥ ነው እንግዲህ?" አለኝ።

"ቁርጥ ነው።"

"አርባ ሦስት ዓመትሽ ነው፣ አስቴር።"

"አውቃለሁ። መታወቂያዬ ላይ ተጽፏል።"

ከዚህ በላይ አልሄደም። ስለዚህ ነገር ስምንት ወር ሙሉ ተከራክረን የቀረን አዲስ ቃል የለም።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ገረሴ ውስጥ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል የሂሳብ መምህርት ነኝ። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ነው። ቆላው ከተማ ሲቀላ ያለ አንድ የቋንቋ ማሰልጠኛ የጃፓንኛ ጀማሪዎችን በነጻ ለማስተማር ማስታወቂያ አወጣ፤ ለመግባት የቃል ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ስምንት ወር በስልኬ ብቻዬን ስማር ቆይቻለሁ። ዳይሬክተራችንን የአንድ ቀን ፈቃድ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ "ለሕመም ብለሽ ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር" አሉኝ። ፈረሙልኝ ግን።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ ቁልቁለቱ ላይ

አውቶቡሱ ወደ ቆላው ሲወርድ ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል። መጀመሪያ እንሰት፣ ከዚያ በቆሎ፣ ከዚያ የሽፈራው ዛፍ፣ ከዚያ ሙዝ። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስንንገላታ የተማርኩትን በለሆሳስ እየደገምኩ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ትንሽ ሲያዳምጡኝ ቆይተው በጋሞኛ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ ጸሎት ነው?"

"ቋንቋ ነው፣ እማማ። የጃፓን።"

"እዚያ ዘመድ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ሰዎቹስ ወደዚህ ይመጣሉ?"

"አልፎ አልፎ።"

አሰቡበት። "ሲመጡ የሚያናግራቸው ካገኙ ደግ ነው" አሉና ቅቤያቸውን ከፀሐይ አዞሩ። በስምንት ወር ውስጥ ሳይስቅብኝ የሰማኝ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው።

ለምን ጃፓንኛ? ለትምህርት ቤታችን ከተለገሱ መጻሕፍት መሃል አንድ በጃፓንኛ የተጻፈ የሕጻናት መጽሐፍ መጣ። ማንም ስለማያነበው መጋዘን ገባ። አንዱ ገጽ ላይ አንዲት ሴትዮ የተሰበረ ማሰሮ አጠገብ ቆማ ከልቧ ትስቃለች። ማሰሮ ተሰብሮ የሚያስቀው ምንድነው? ሁለት ሳምንት ይህ ነገር አላስተኛ አለኝ። ሰው የጻፈውን ሰው ያነበዋል ብዬ ተነሳሁ። ገጹን ለማንበብ አምስት ወር ፈጀብኝ፤ ለካ ማሰሮው ውስጥ የተደበቀች እንቁራሪት ነበረች፣ ሴትዮዋ የሳቀችው አምልጣ ስትዘል አይታ ነው። ይኸው ነው። ለዚህ አምስት ወር መስጠቴን የሚነቅፍ ይንቀፈኝ።

ፊደላቸው እንደኛው ነው፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይሄዳል። ቅርጹ ግን ዝምድና የለውም፤ የ"ካ"ን መልክ ማወቅ የ"ኪ"ን ለማወቅ አይረዳም። በስልኬ የምማርበት ትምህርት በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል፤ በጃፓንኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ግራ እንዳትጋቡ ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። በጋሞኛም በአማርኛም ግሱ መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ግራ ሲያጋባኝ የኖረው እንግሊዝኛው ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ሌላ ነው። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች አማርኛ ስንናገር "መጣ"ና "መጣች" አንዳንዴ ይምታቱብናል። ስጽፍ አርማለሁ፤ ስናደድ ግን ያመልጠኛል። ከመምህራን ኮሌጅ ጀምሮ በዚህ ያልሳቀብኝ የለም። በጃፓንኛ እሱ መጣም እሷ መጣችም "ኪማሽታ" ነው። ያንን ትምህርት ያየሁ ቀን ስልኬን አስቀምጬ ግቢውን ዞርኩት።

ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡00፣ ሲቀላ

ሙቀቱ አስፋልቱን አለስልሶታል። ማሰልጠኛው ከሞባይል መጠገኛ ሱቆች በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ባጃጆች እየተጣሩ ሰው ይጭናሉ፤ ኮሪደሩ ላይ አሥር የሚሆኑ ወጣቶች ተደርድረው ስልካቸውን ያያሉ። ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ጠረጴዛው ኋላ ሸሚዙን በደንብ ያስተኮሰ ወጣት ተቀምጧል።

"እናቴ፣ ልጅዎን ይዘው ነው የመጡት?"

"ተፈታኟ እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። "ይቅርታ፣ ሥልጠናው ከሠላሳ ዓመት በታች ላሉ ነው።"

"ማስታወቂያው ላይ አልተጻፈም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።"

"ባይጻፍም ይታወቃል። ነገ ውጭ ሄደው ሊሠሩ ለሚችሉ ነው የታሰበው። እርስዎን ምን ይጠቅምዎታል?"

"እሱን ለእኔ ተወው። ከገረሴ ነው የመጣሁት። ዳይሬክተሩ ፈቃድ ሰጠችኝ፣ ክፍሌን ለሌላ መምህር አስረክቤ ..."

"ሰጠችኝ?" አለ ፈገግ ብሎ። "ዳይሬክተሩ ሴት ናቸው?"

"ወንድ ናቸው" አልኩ።

"መጀመሪያ አማርኛውን ብናስተካክል አይሻልም?"

በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ጆሮዬ ጋለ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፣ እጄ ግን እንደ ተማሪ ቀሚሴን ጨምድዶ ይዞ ነበር። እጄን ለቀቅሁና ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ገረሴ ካራ ኪማሽታ" አልኩት።

"ምን አሉ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ መዝጋቢ ነው እንጂ ጃፓንኛ አንድ ቃል አያውቅም።

"ከገረሴ መጣሁ ነው ያልኩት። መጣ ቢሉ፣ መጣች ቢሉ በጃፓንኛ አንድ ነው። ስለዚህ አልተሳሳትኩም።"

ስሜ ላይ መስመር አሰመረ። የማይቀበሉኝ ለምን እንደሆነ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፤ አልጽፍም አለ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ከተሰረዘው ስሜ ሥር፣ "አመልካቿ ተገኝታለች፤ ለመፈተን ዝግጁ ነበረች" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ደረጃውን ስወርድ አላለቀስኩም፤ ሙቀት ነው ብዬ ፊቴን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ እንጂ።

ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡00፣ አሳ ቤት

ታናሽ እህቴ ምሕረት ሲቀላ ነው የምትኖረው። ነገሩን ስነግራት ምንም ሳትል አሳ ልታበላኝ ይዛኝ ወጣች። የተጠበሰው አሳ በቢላ ተሸንትሮ፣ ከዳጣና ከዳቦ ጋር መጣ። ዳጣው ያቃጥላል፤ ለዕለቱ የሚስማማ ማቃጠል ነው።

ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ስድስት አረጋውያን እንግዶች ተቀምጠዋል። አንዲት ነጭ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ሴት አሳውን ቀመሱና፣ "ኦይሺይ ደስ ኔ" አሉ።

ይጣፍጣል አሉ። ከስልኬ ውጭ ጃፓንኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞም ገባኝ።

"ሂጂ አናግሪያቸው" አለች ምሕረት።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። "ሱሚማሰን"፣ ይቅርታ፣ የምትለዋ የመጀመሪያዋ ቃል እንኳ ጠፋችብኝ። እነሱ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ወጡ፤ እኔ የአሳ አጥንት ይዤ ቀረሁ።

አስተናጋጇ ሳህን ስታነሳ፣ "ቻይናዎቹ ነገ ዶርዜ ሸማኔ ሊያዩ ነው አሉ፤ ሹፌራቸው ነግሮኝ ነው" አለች።

"ጃፓኖች ናቸው" አልኳት፤ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ቢሮው የዘጋብኝ በር አበሳጭቶኝ ነበር። ይህኛውን ግን የዘጋሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ። ለምሕረት፣ "ነገ ገረሴ አልመለስም" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡00፣ ወደ ዶርዜ

ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አራት ሰው ጨምሮ ተነሳ። ዋናውን መንገድ ለቆ ሽቅብ ሲታጠፍ ቀይ አቧራ በመስኮት ይገባል። በእያንዳንዱ ኩርባ ዓባያ ሐይቅ ከበታች እየሰፋ፣ ቡናማ ውሃው እየራቀ ይሄዳል። የትናንቱን ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ቀርከሃው ሲጀምር ብርዱም ይጀምራል።

ከሹፌሩ ጎን ነበርኩ። ምን ልሠራ እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

"ቢያናግሩሽስ የሚሉት ይገባሻል?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ማለት?"

"ከአሥር ዓረፍተ ነገር ሦስት።"

"ሰባቱንስ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እጠይቃለሁ።"

ማርሽ ቀየረና፣ "እኔ ሚስቴ ከምትለው ሦስቱ ቢገባኝ ጥሩ ነበር" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መውረጃዬ እስኪደርስ ግን "ሱሚማሰን"ን በለሆሳስ እደግም ነበር።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00፣ ዶርዜ

ቤቶቹ ከቀርከሃ የተጎነጎኑ፣ ረጃጅም፣ ከፊት እንደ አፍንጫ የወጣ መግቢያ ያላቸው ናቸው። ለጎብኚ ክፍት ከሆኑት ግቢዎች አንዱ በር ላይ የእንግዶቹ መኪና ቆሟል። እንደማንኛውም ጎብኚ ከፍዬ ገባሁ። የቤቱ ምራት ቆጮ ጋግራ በማርና በዳጣ ታቀርባለች፤ አማቷ ጋሽ ሻንቆ ከሰባ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፣ እግራቸውን ከሸማ ዕቃው ሥር ያለው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው ይሸምናሉ። ስድስቱ እንግዶች ከበዋቸዋል። የእነሱ መሪ ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ከአዲስ አበባ አብሯቸው የመጣው አስጎብኚ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ።

ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴት ተንበርክከው ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱ። እጃቸውን ሳይ የጨርቅ ሰው መሆናቸውን አወቅሁ፤ የሚዳብሱት ጥለቱን ሳይሆን የሽመናው ጥብቀት የሚታወቅበትን የጨርቁን ጠርዝ ነው። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁ።

"ዳሬ ኒ ናራይማሽታ ካ?"

ማን አስተማራቸው? ቃል በቃል የማውቀው ዓረፍተ ነገር ነበር። መሪው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። አስጎብኚው ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር፤ ቀና ሳይል፣ "ጋሼ፣ ዋጋውን እየጠየቁ ነው" አላቸው።

ጋሽ ሻንቆ ከጎናቸው አንድ ጋቢ አንስተው ዋጋ ተናገሩ። ዋጋው በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በጃፓንኛ ሄደ። ሴትዮዋ ደነገጡ። እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አንስተው፣ "ቺጋይማስ" አሉ በቀስታ። አይደለም ማለት ነው፤ ስሳሳት ስልኬ ሁልጊዜ የሚለኝ እሱን ነው። ሽማግሌው ደግሞ ዋጋው የተወደደባቸው መስሏቸው ዝቅ አደረጉት። ሁለት ደግ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለቱም አፈሩ።

ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ወደ ፊት አለፍኩና በጋሞኛ፣ "አባባ፣ ዋጋ አይደለም የጠየቁት። ሽመና ማን እንዳስተማርዎት ነው የጠየቁት" አልኳቸው።

አስጎብኚው ቀና አለ። "እህቴ፣ ፈቃድ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው ሥራዬን አታበላሺ።"

"አስተማሪያቸውን ነው የተጠየቁት። አንተ ዋጋ አልካቸው። ዝም አልልም።"

ሊቆጣ ሲል የእንግዶቹ መሪ እጁን አነሳ፤ እንድቀጥል ነው። ጋሽ ሻንቆ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በጋሞኛ ጀመሩ። አባታቸው አስተምሯቸዋል። ግን አባታቸው የሞተው እሳቸው ጥለት ማውጣት ሳይችሉ ነው። ቀሪውን ያስተማረቻቸው እናታቸው ናት።

"እናትዎ?" አለች ምራታቸው ከቆጮው ጋር ቆማ። በዚያ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም።

"ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ አታውቅም" አሉ። "ውጭ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ ጆሮዋ እኔ ጋ ነው። ማጉን ስመታ ድምፁን ትሰማለች። 'ላላ' ትለኛለች። 'ጠበቀ' ትለኛለች። 'አሁን ክር ዘለልህ፣ ፍታው' ትለኛለች። ዓይኗን ከእንዝርቷ አታነሳም።"

"እስከዛሬ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ? የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው።"

አስጎብኚው ጋሞኛ አይሰማም። "ምን አሉ?" አለኝ።

"ጠብቅ" አልኩት። "መጀመሪያ ለጠየቁት።"

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። "ኦቶቶ ኒ ናራይማሽታ።"

ግራ ተጋቡ። "ኦቶቶ?" አሉና በእጃቸው አጭር ሰው አሳዩኝ። ለካ "ታናሽ ወንድሙ አስተማረው" ብያለሁ። "ቺጋይማስ" አልኩ በራሴ ላይ። "ኦቶሳን። ኦቶሳን ኒ ናራይማሽታ።" አባቱ። "ኦካሳን ኒ ሞ ናራይማሽታ።" እናቱም።

የቀረውን የምናገርበት ቃል አልነበረኝም። ድምፅ በጃፓንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እንዝርትንም አላውቅም። "ኦካሳን ዋ ኪኪማሽታ" አልኩ፤ እናቱ ሰማች። ጆሮዬን ያዝኩ፣ ከዚያ ወደ ሸማ ዕቃው ጠቆምኩ።

ሴትዮዋም ጆሮአቸውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው አየሩን መቱ። "ቶን፣ ቶን" አሉ።

ጋሽ ሻንቆ መወርወሪያውን አነሱና ማጉን ሁለቴ መቱ። ላላ አድርገው አንዴ፣ ጠበቅ አድርገው አንዴ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና በሁለተኛው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ሃሩኮ እባላለሁ አሉኝ ሴትዮዋ። ብዙው አልገባኝም። "ዋካሪማሰን፣ ሞ ኢቺዶ፣ ዩክሪ" እያልኩ፣ አልገባኝም፣ እንደገና፣ በዝግታ እያልኩ አስደገምኳቸው፤ እሳቸውም አልሰለቹም። የትናንቱ የቢሮ ንዴት ገና አልለቀቀኝም ነበርና ማንም ሳይጠይቀኝ ዕድሜዬን ነገርኳቸው፣ አርባ ሦስት ነኝ፣ አሁን ነው የጀመርኩት ብዬ። "ዋካይ" አሉ። ገባኝ ያሉኝ መሰለኝ፤ ቃሉ ከ"ዋካሪማሰን" ጋር ይመሳሰላል።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ አስጎብኚው መጣ። "ሌላ ጊዜ አስቀድመሽ ንገሪኝ" አለ።

"ሌላ ጊዜ አንተም ጥያቄውን ስማ" አልኩት። ስልኩ አሁን ኪሱ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00፣ ቁልቁል

ሚኒባሱ ውስጥ የሰማኋቸውን ቃላት ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ኔትዎርክ እንደያዘ አንድ በአንድ ፈለግኋቸው። ድምፅ "ኦቶ" ነው። "ዋካይ" ገባኝ ማለት አይደለም። "ወጣት" ማለት ነው።

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ዞርኩ፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ብቻዬን ስስቅ እንዳያየኝ።

እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00፣ ገረሴ

ጠዋት ከምሕረት ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ከሰዓት ቅጥቅጡ ላይ ተሳፈርኩ። ገረሴ ስደርስ ጉሙ ተመልሶ ወርዷል። ጴጥሮስ ቤት ነበር፤ ድንች ቀቅሎ ጠበቀኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "አለፍሽ?" አለኝ።

"አልፈተኑኝም። አርጅተሻል አሉኝ።"

የያዘውን ድንች አስቀመጠ። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ መዝጋቢውን፣ አሳ ቤቱን፣ ጋሽ ሻንቆን፣ ታናሽ ወንድም ያልኩትን ስሕተት። የሽማግሌው እናት ጋ ስደርስ ማኘክ አቆመ።

"ስለዚህ አትተዪውም" አለ በመጨረሻ።

"አልተወውም።"

"አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጋሞኛ፣ አሁን ደግሞ ይሄ።" ድንቹን እየላጠ ራሱን ነቀነቀ። "እስቲ ንገሪኝ፣ እልኸኛ በጃፓንኛ ምን ይባላል?"

አሰብኩ። አላውቀውም ነበር።

"ነገ ጠይቀኝ" አልኩት።